የኔትወርክ ወረፋ ማስተካከያ ገጽን ለሰው እንዲመች አድርጎ መንደፍ

ደሴ ውስጥ ባለ አንድ መካከለኛ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛዋ የወር መጨረሻ ሪፖርቷን መላክ ስትጀምር፣ በቀጣዩ ክፍል በኢንተርኔት ስልክ የሚነጋገረው ሰው ድምፅ ይቆራረጣል፤ «ኔትወርኩ ሄደ» ይባልና ራውተሩ ተነቅሎ ይሰካል። ኔትወርኩ ግን አልሄደም፤ ራውተሩ ውስጥ ወረፋ ተፈጥሯል። ይህን ወረፋ የማስተካከል አቅም ሊኑክስ በሚባለው ስርዓተ ክወና ውስጥ ከገባ ብዙ ዓመታት ቢያልፉም በመሥሪያ ቤቱ ሊጠቀምበት የቻለ ሰው የለም፤ ምክንያቱም ወደ እርሱ የሚያስገባው በር ቲሲ የሚባለው የጽሑፍ ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዙ ደግሞ በባለሙያ ቋንቋ ካልሆነ አይሰማም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ያንን በር ሌላ ሰው ሊከፍተው በሚችል ገጽ ለመተካት ለሚነሡ ፕሮግራመሮችና የሲስተም ባለሙያዎች ነው።

በመጀመሪያ ስሌቱን ይሥሩ

ገጹን ከመሳል በፊት ወረፋው ለተጠቃሚው ምን ያህል እንደሚያስከፍለው በቁጥር ማወቅ ይገባል። በሊኑክስ የኢተርኔት ካርድ የወረፋ ርዝመት በተለመደው ቅንብር 1000 ፓኬት (መረጃ ተከፋፍሎ የሚላክበት ቁራጭ) ነው። ሙሉ ፓኬት 1500 ባይት ስለሚሆን፣ የሞላ ወረፋ 1.5 ሚሊዮን ባይት፣ ማለትም 12 ሚሊዮን ቢት ይይዛል። ወደ ውጭ የሚልከው መስመር በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት ከሆነ ከወረፋው ጫፍ ላይ የተሰለፈ ፓኬት 3 ሰከንድ ይጠብቃል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለድምፅ ንግግር ያወጣው ምክር በአንድ አቅጣጫ እስከ 150 ሚሊ ሰከንድ የሚደርስ መዘግየት ለአብዛኛው አገልግሎት ተስማሚ መሆኑን ያስቀምጣል፤ የእኛ 3 ሰከንድ የዚያ 20 እጥፍ ነው።

በገበያ ቀን ወፍጮ ቤት የሄደ ሰው ነገሩን ሳይነገረው ያውቀዋል። አራት ኩንታል ስንዴ ያመጣ ነጋዴ ከፊት ከተሰለፈ፣ አንዲት ቁና ይዛ የመጣች ልጅ የእርሱ ተራ እስኪያልቅ ፀሐይ ትጠልቅባታለች። ብልህ ባለ ወፍጮ ግን በጆንያና በጆንያ መካከል የቁናዋን ልጅ ያስገባል፤ ነጋዴው መዘግየቱን ልብ አይለውም፣ እርሷ ግን በጊዜ ቤቷ ትገባለች። (ዱቄቴ ከሌላ እህል ጋር ተደባለቀ የሚለው የነጋዴው ቅሬታ በኔትወርክ ላይ አይነሣም።) ኤፍኪው ኮዴል የሚባለው የወረፋ ስልት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ግንኙነቶቹን በተለመደው ቅንብር ለ1024 ንዑስ ወረፋዎች ያከፋፍልና ጥቂት በጥቂት የሚልኩትን ያስቀድማል። ኮዴል የተባለውን ክፍሉን ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ሲያወጡት ከቀደሙት ስልቶች የለዩበት ነገር የወረፋውን ርዝመት መቁጠር ትተው ፓኬቱ የጠበቀበትን ጊዜ መለካታቸው ነው፤ ጥበቃው ከ5 ሚሊ ሰከንድ ሳይወርድ ለ100 ሚሊ ሰከንድ ከዘለቀ ስልቱ ፓኬት መጣል ይጀምራል። ስልቱ በዚያው ዓመት በሊኑክስ 3.5 ገባ፤ የመስመሩን ፍጥነት መገደብንም አብሮ የያዘው ኬክ የተባለው ታናሹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 በሊኑክስ 4.19 ተከተለው።

የሞተሩ መለኪያ ጊዜ ከሆነ የገጹም መለኪያ ጊዜ ሊሆን ይገባል። ተጠቃሚው ሊያየው የሚገባው «በወረፋው 740 ፓኬት አለ» የሚል ቁጥር አይደለም፤ ማን ምን ያህል እየጠበቀ እንደሆነ ነው። ከዚህ በታች የማቀርበው ምክር በአብዛኛው ከዚህ አንድ ነጥብ የሚመነጭ ነው።

ተጠቃሚው የሚያውቀውን ብቻ ይጠይቁ

ጀማሪ ነዳፊ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ስሕተት ትእዛዙ የሚቀበላቸውን መለኪያዎች ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ባዶ ሣጥን እየለወጠ መደርደር ነው። እንዲህ ያለው ገጽ ትእዛዙን ለሚያውቀው ሰው ትርፍ፣ ለማያውቀው ደግሞ እንቆቅልሽ ነው። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ወይም የኢንተርኔት ካፌ ባለቤት በእርግጠኝነት ሊመልስ የሚችለው ሦስት ነገር ነው፤ ወደ ውጭ የሚልከው መስመር ፍጥነት፣ ከውጭ የሚገባው መስመር ፍጥነት፣ እንዲሁም በእርሱ ቤት ፈጽሞ መጠበቅ የሌለበት ሥራ የትኛው እንደሆነ። የቀረውን፣ ማለትም የወረፋ ጣሪያን፣ የአንድ ዙር ድርሻን፣ የኮዴልን 5 እና 100 ሚሊ ሰከንድ፣ ገጹ ራሱ ይሙላው፤ ባለሙያ ሊነካቸው ቢፈልግ ተዘግቶ በሚቆይ ክፍል ውስጥ ይቀመጡለት።

ፍጥነቱን በተመለከተ ውሉ ላይ የተጻፈውና መስመሩ ላይ የሚገኘው ላይመሳሰሉ ስለሚችሉ ከሣጥኑ ጎን «አሁን ለካ» የሚል ቁልፍ ይኑር። አንድ ልኬት በቂ አይደለም፤ በተለይ በሞባይል ኔትወርክ ላይ የተመሠረተ መስመር ጠዋትና ማታ በእጅጉ ሊለያይ ስለሚችል ገጹ ልኬቱን በተለያየ ሰዓት ደጋግሞ ዝቅተኛውን ያቅርብ። በመቀጠል ከተለካው ከ85 እስከ 95 በመቶ ያለውን በገደብነት መውሰድ የተለመደ ነው። ምክንያቱም ወረፋው ሊፈጠር የሚገባው እኛ ልናስተዳድረው በምንችለው መሣሪያ ውስጥ እንጂ ከእርሱ ወዲያ ባለው ሞደም ውስጥ አይደለም፤ የእኛ ገደብ ከመስመሩ ትንሽ ካላነሰ ወረፋው ወደማናዝበት ቦታ ይሸሻል። ይህን ማባዛት ለተጠቃሚው አይተዉበት። እርሱ 10 ብሎ ይጻፍ፤ ገጹ ከሥር «ወረፋው በእጃችን እንዲቆይ 9 እንጠቀማለን» ይበለው። ያ ከሥር ያለው ዓረፍተ ነገር ከሌለ ማግስቱን «1 ሜጋዬ የት ገባ?» የሚል ስልክ ይመጣል።

የመለኪያና የአቅጣጫ ወጥመዶች

በቲሲ ቋንቋ «ኬቢፒኤስ» ተብሎ የሚጻፈው በሰከንድ ኪሎ ባይት ነው፤ ኪሎ ቢት ለማለት የሚጻፈው «ኬቢት» ነው። ሌላው ዓለም ግን የመጀመሪያውን የሚያነበው ኪሎ ቢት ብሎ ነው። እኔ ራሴ ለአንድ የኮምፒውተር ላብራቶሪ 2 ሜጋ ቢት ለመመደብ 2000 ኬቢፒኤስ ብዬ ጻፍሁ፤ ሲስተሙ ሳያንገራግር 16 ሜጋ ቢት አድርጎ ተቀበለኝ። መስመሩ በጠቅላላው 4 ሜጋ ቢት ስለነበረ ገደቡ ከነጭራሹ አልሠራም፤ እኔም ሁለት ቀን ሙሉ ኬብል ስቀይር ከረምሁ። ትእዛዙ ስሕተት ሳይሆን ትክክል የሆነ፣ ነገር ግን ያላሰብሁትን ነገር የሚል ዓረፍተ ነገር ስለተቀበለ ሊያስጠነቅቀኝ የሚችልበት መንገድ አልነበረውም። ገጽ ግን ይችላል፤ የመስመሩን ፍጥነት ያውቃልና ከዚያ በላይ የሆነ ገደብ ሲጻፍ «ይህ ገደብ ምንም አይገድብም» ማለት ይገባዋል።

መለኪያው በነጻ የሚጻፍ ሳይሆን ከሣጥኑ ውጭ የተተከለ ይሁን። በአማርኛ ገጽ ላይ ደግሞ በግእዝ ፊደል ብቻ የሚከሠት ችግር አለ፤ ሜጋ ቢት «ሜቢ»፣ ሜጋ ባይት ደግሞ «ሜባ» ተብለው ሲያጥሩ የሚለያቸው የአንዲት ፊደል እግር ናት፤ በስልክ ስክሪን ላይ በትንሽ ፊደል ሲቀርቡ 8 እጥፍ የሚሆነውን ልዩነት ዓይን አይለየውም። ስለዚህ ቦታ ቢወስድም «ሜጋ ቢት በሰከንድ» ተብሎ በሙሉ ይጻፍ፤ ከሥሩም ተጠቃሚው ሊገምተው በሚችል ነገር ይተርጎም። ለምሳሌ 4 ሲጻፍ «100 ሜጋ ባይት የሚሆን ፋይል በ3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያልፋል» የሚል መስመር ወዲያው ቢታይ፣ ቢትና ባይትን የማይለይ ሰው እንኳ የተሳሳተ ቁጥር መጻፉን ይጠረጥራል።

አቅጣጫውም እንዲሁ ነው። «መጫን» የሚለው ቃላችን ፋይል ወደ ኢንተርኔት መላክ፣ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ማስገባት፣ ቁልፍን በጣት መንካት፣ ሦስቱንም ነው፤ «የመጫኛ ፍጥነት» የሚል ሣጥን አይቶ ስለ ፕሮግራም የመሰለው ተጠቃሚ አይፈረድበትም። የማይክሮቲክ ራውተሮች ቀላሉ ወረፋ ገደቡን በጥንድ ሲጽፍ አስቀድሞ የሚወጣውን፣ ቀጥሎ የሚገባውን ያስቀምጣል፤ ይህም የሚታየው ከተጠቃሚው ኮምፒውተር አንጻር እንጂ ከራውተሩ አንጻር አይደለም። ይህን ያላወቀ ሰው ሁለቱን ያገላብጣቸዋል። እኔ የምመክረው «ከእኛ ወደ ውጭ» እና «ከውጭ ወደ እኛ» የሚሉ ሁለት መስመሮች ከቀስት ሥዕል ጋር ነው። በነገራችን ላይ ሁለቱ አቅጣጫዎች በሥልጣን እኩል አይደሉም። የሚወጣውን እኛ እንይዘዋለን፤ የሚገባው ግን ጠባቡን መስመር አልፎ ከደረሰ በኋላ ስለምናገኘው ማድረግ የምንችለው ላኪው እንዲቀንስ ማስገደድ ብቻ ነው። ገጹ በዚህኛው ላይ የሚሰጠው ተስፋ በዚያው ልክ ለዘብ ይበል።

ቅድሚያ፣ ዋስትና እና የቀረው ሁሉ

ቅድሚያን በቁጥር አያስሞሉ። ኤችቲቢ በሚባለው፣ መስመሩን ለክፍሎች በሚያከፋፍለው የሊኑክስ ስልት ከሁሉ ቀድሞ የሚስተናገደው 0 ሲሆን፣ በማይክሮቲክ 1 ከፍተኛው 8 ዝቅተኛው ነው፤ ብዙ ሰው ግን ትልቅ ቁጥር ትልቅ ክብር ይመስለዋል። «አይጠብቅ»፣ «እንደማንኛውም»፣ «ሲተርፍ ይለፍ» የሚሉ ሦስት ደረጃዎች ለአንድ መሥሪያ ቤት ይበቃሉ። የድምፅ ንግግር በመጀመሪያው፣ የቢሮ ሥራ በሁለተኛው፣ የሲስተም ማሻሻያና ትልልቅ ፋይል በሦስተኛው ይገባሉ።

ክፍሎችን በመጠን ለይቶ መመደብ የሚፈልግ ቤት ሲኖር ኤችቲቢ ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ቁጥር ይይዛል፤ አንደኛው ምንም ቢሆን የማይነካበት ድርሻው፣ ሁለተኛው ሌሎች ሳይጠቀሙ ሲቀሩ ሊደርስበት የሚችለው ጫፍ ነው። በአማርኛ «ዋስትና» እና «ጣሪያ» ያልኳቸው እንደሆነ እስካሁን ያልገባው ሰው አላጋጠመኝም። አደጋው ያለው በድምሩ ላይ ነው። በ9 ሜጋ ቢት መስመር ላይ ለአስተዳደር 5፣ ለሒሳብ 4፣ ለላብራቶሪ 4 ዋስትና ቢሰጥ ኤችቲቢ አይከለክልም፤ አንድን በሬ ለሁለት ሰው ቃል እንደ መግባት ያለ ነገር ቢሆንም ዝም ብሎ ይቀበላል፤ በጥድፊያ ሰዓት ግን ገደቡ ይፈርሳል። ስለዚህ ዋስትናዎቹ አንድ አግዳሚ ዘንግ ላይ ተደርድረው ይታዩ፤ ዘንጉ ሲሞላ የሚቀጥለው ቁጥር አልፎ መሄድ አይቻለው፤ የትኛው ይቀነስ የሚለውም ለሰውየው ይተው።

ሌላው ከዓይን የሚሰወር ጉዳይ፣ ለማንኛውም ክፍል ያልተመደበ ትራፊክ ነው። በኤችቲቢ ላይ የነባሪ ክፍል ካልተሰየመለት ያለ አንዳች ገደብ ያልፋል። ገጹ «የቀረው ሁሉ» የሚል፣ ሊጠፋ የማይችል መስመር ሁልጊዜ ከታች ያስቀምጥ።

የሚታየው ነገር

ዋናው ገጽ ሲከፈት በእያንዳንዱ ክፍል ትይዩ የአሁኑ የጥበቃ ጊዜና ያለፈው አንድ ሰዓት ቀጭን መስመር ቢኖር በቂ ነው። ጥሩና መጥፎው በቀለም ብቻ አይለይ፤ «ደህና»፣ «ተጨናንቋል» የሚል ቃል አብሮ ይጻፍ። ብዙው ሰው ይህን የሚያየው በስልኩ ስለሆነ ሠንጠረዡ ወደ ጎን መጎተት የሚያስፈልገው መሆን የለበትም።

በተጣሉ ፓኬቶች ቁጥር ላይ ጠንቃቃ ይሁኑ። ቀደም ብዬ በሠራሁት ገጽ ላይ ይህ ቁጥር በቀይ ይታይ ነበር፤ አንድ የቢሮ ኃላፊ 3 ሺህ ገደማ ፓኬት መጣሉን አይተው «የመሥሪያ ቤቱ መረጃ እየጠፋ ስለመሆኑ» የሚል፣ ቁጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ጻፉልኝ። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነበር። ኮዴል ፓኬት የሚጥለው ላኪው እንዲያረግብ ምልክት ለመስጠት ነው፤ የተጣለው የፋይል ፓኬት ከሆነ ላኪው ፕሮቶኮል መልሶ ይልከዋል። ይህ ቁጥር ለባለሙያው በውስጠኛው ገጽ ይቀመጥ፤ ቀይ ቀለም ደግሞ ጥበቃው ከ150 ሚሊ ሰከንድ ሲያልፍ ብቻ ይብራ።

እነዚህን ቁጥሮች ለመሰብሰብ የቲሲን የጽሑፍ ውጤት መስመር በመስመር አይፈልጡ፤ ፕሮግራም በቀላሉ በሚያነበው የጄሰን ቅርጽ ውጤት የመስጠት አማራጭ አለው።

ሰዓት

ወልድያ ያለ ቅርንጫፍ የቀኑን ፋይል ወደ ደሴ የሚልከው ሌሊት ነው እንበል፤ በዚያ ሰዓት ገደቡ እንዲላላ የጊዜ ሠሌዳ ያስፈልጋል። ተጠቃሚው «ከ2 እስከ 11» ብሎ ቢጽፍ ሲስተሙ ከሌሊቱ 8 እስከ ቀኑ 5 አድርጎ ይረዳዋል፤ ጸሐፊው ያሰበው ግን ከማታው 2 እስከ ሌሊቱ 11፣ በሲስተሙ አቆጣጠር ከ20፡00 እስከ 05፡00 ነው። የሰዓቱን ቁጥር ብቻውን አይቀበሉ፤ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት ከሚሉት አንዱ አብሮ ይመረጥ፤ ከጎኑም የሲስተሙ ሰዓት በትንሹ ይታይ። የኢትዮጵያ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ስለሚቀድምና የበጋና የክረምት ለውጥ ስለሌለው ስሌቱ ቀላል ነው።

ከዚህ የሚከብደው ቀኑ ነው። «ሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት» ሲባል ለእኛ ቀኑ ገና ሰኞ ነው፤ ለሲስተሙ ግን ማክሰኞ 01፡00 ሆኗል። ቋንቋችን ለዚህ መፍትሔውን ይዞ ቆይቷል፤ ገጹ «ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት» ብሎ መልሶ ቢያነብለት የሚሳሳት አይኖርም።

ራስን ውጭ መቆለፍ

አንድ ቀን ከኮምቦልቻ ሆኜ ደሴ ያለ ራውተር ስነካ በሜጋ ፋንታ ኪሎ ጻፍሁና የራሴን የመግቢያ መስመር 8 ኪሎ ቢት አደረግሁት። ለማረም የምጽፈው ፊደል ራሱ ወረፋ ገባ። ያንን 25 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ጠመዝማዛ ዳገት በማታ ጭጋግ በሚኒባስ ወጥቼ በእጄ አስተካከልሁት። በዚህ መንገድ የተጎዳሁ እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የኡቡንቱ ሊኑክስ የኔትወርክ ማዋቀሪያ የሆነው ኔትፕላን የሙከራ ትእዛዙ በ120 ሰከንድ ውስጥ ካልጸደቀ ለውጡን ይመልሳል፣ የጁኒፐር ራውተሮች ሥርዓት የሆነው ጁኖስ ደግሞ ማጽደቂያው ጊዜ ካልተሰጠው 10 ደቂቃ ይጠብቃል፣ ማይክሮቲክም ግንኙነቱ ከተቋረጠ ለውጡን የሚመልስ የጥንቃቄ ሁነታ አለው።

የእርስዎም ገጽ ይህን ይኑረው። ለውጡ እንደተተገበረ «ገጹ አሁንም ይታይዎታል? ከታየዎት ያጽድቁ» የሚል ጥያቄ ከሚቆጥር ሰዓት ጋር ይምጣ፤ ምላሽ ከሌለ ወደ ቀድሞው ይመለስ። ቆጣሪው የሚሮጠው በተጠቃሚው ብራውዘር ላይ ሳይሆን በራውተሩ ላይ መሆን አለበት፤ መስመሩ ሲቋረጥ ብራውዘሩ ምንም ሊያዝ አይችልምና። በተጨማሪም በቲሲ የተሰጠ ቅንብር መሣሪያው ጠፍቶ ሲነሣ አብሮ አይነሣም። መብራት በሚመላለስበት አካባቢ ይህ ማለት ቅንብሩ ከአንድ ሳምንት አይዘልቅም ማለት ነው፤ የጸደቀው ሁሉ በፋይል ተቀምጦ በአነሣሥ ጊዜ እንደገና ይተግበር።

ለባለሙያው የተሠራውን ትእዛዝ የሚያሳይ አንድ ማያያዣ ይተዉለት፤ ገጹን የሚያምነው ያን ሲያይ ነው።

በሰው መሞከር

ሙከራው ገጹን ባልሠራና ስለ ወረፋ ባልሰማ ሰው ይሁን። እኔ የሞከርሁት ፒያሳ አካባቢ ባለ ኢንተርኔት ካፌ፣ ከገጠር የመጣው ሰው ፎርም ለማስሞላት በሚጋፋበት ሰኞ፣ በገንዘብ ተቀባይዋ ነበር። «በኢንተርኔት የሚደወለው ስልክ እንዳይቆራረጥ አድርጊ» ከማለት በቀር ምንም ሳልነግራት ከኋላዋ ቆምሁ። ጣት ቀስሮ ማሳየት ያምረኛልና እጄን ኪሴ ከተትሁ። ፍጥነቱን ለካች፣ ቀስቶቹን አይታ አቅጣጫውን አልሳተችም፣ ስልኩን «አይጠብቅ» ላይ አደረገችው፤ ከዚያ ገደቡ የሚጠቃለልበት ዓረፍተ ነገር ላይ ደርሳ ቆመች። «ጋሼ፣ ፓኬት የሚለው የምንድን ነው ፓኬቱ?» ስትል ከብስኩትና ከወተት ሌላ ፓኬት አታውቅም ነበር። በሚቀጥለው እትም ቃሉን ከዋናው ገጽ ሁሉ አወጣሁት፤ በቦታው «ስልክ አሁን 18 ሚሊ ሰከንድ ይጠብቃል» የሚል ገባ። ሚሊ ሰከንድ ላይም ስትቆም ጊዜ ቁጥሩን አሳንሼ ከፊቱ «ደህና» የሚለውን አስቀደምሁ፤ ሦስተኛው ሰኞ ላይ አልጠየቀችኝም።